የኩሽናው ልክ

ጋሽ ሜትሮ ቀብድ ሊከፍሉ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሲሰዱ፣ የሟች ባለቤታቸው የእህት ልጅ በቤት ዕቃ መደብሩ በር ገባች። ጥቂት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ የምንተርከው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ጋሽ ሜትሮ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሠፈርተኛው ነው እንዲህ ያላቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሱቃቸውን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው አረፉ። ወንድ ልጃቸውም ሴት ልጃቸውም ሩቅ ከተማ ትዳር ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የሚሰማው ሬዲዮና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብቻ ነው፤ እሳቸው እንደሚሉትም ከሁለቱ ቧንቧው ይሻላል፣ ቢያንስ ማስታወቂያ የለውም።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ እየሳመቻቸው። በአንድ የግንባታ ድርጅት የሥራ ዋጋ የምትተምን ባለሙያ ናት፤ የመጣችው የበር እጀታ ልትመርጥ ነበር። «ምን ሊገዙ መጡ?»

«ኩሽና!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ያውልሽ!»

ነጭ የሚያብረቀርቅ ካቢኔት ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል። በላዩ ትንንሽ አምፖሎች ይበራሉ፤ ከፊቱ ረጅም ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ተዘርግቷል። ልጅቱ ዋጋውን ከሻጩ ጠይቃ ሰማች።

«ያምራል፤ አይካድም። ገጠማውን ይጨምራል?»

«የምን ገጠማ? ከተገዛ በኋላ ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ገደደ?»

«ቧንቧውስ ጋሼ? የመብራት መስመሩስ? አሮጌውን አፍርሶ መጣሉስ? ለመሆኑ ግድግዳውን ለክተውታል?»

ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ገጠማው በደንበኛው በኩል ነው» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«እቴ፣ ይህን የመሥሪያ ቤትሽን ነገር እዚያው!» አሉ ጋሽ ሜትሮ። «በጀት የመንግሥት ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ደስ ያለውን ይገዛል።»

«እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ወንበር ምን ያደርጋል?»

«ልጆቼ ይመጡበታላ!»

ድምፃቸው ከፍ ብሎ ኖሮ ገበያተኛው ዘወር ዘወር አለ። እሳቸውም ዝቅ አደረጉት። «ባለፈው ክረምት ልጄ ከነቤተሰቡ መጥቶ አንድ ሌሊት አድሮ ሄደ። ሚስቱ ኩሽናዬን አይታ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ነው የወጣችው። ደህና ኩሽና ቢኖረኝ ይቀመጡ ነበር።»

ልጅቱ እዚህ ላይ ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ግን የሚወዱት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። «ጋሼ» አለች፣ «ልጆችዎን ያራቀው ኩሽናው አይመስለኝም።»

ጋሽ ሜትሮ እጃቸውን ከኪሳቸው ባዶውን አወጡ። ቀብዱንም ሳይከፍሉ፣ እሷንም ደህና ዋይ ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።

ቤታቸው ሲደርሱ ዳቦ ቆርሰው እንደ ልማዳቸው ቆመው በሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ተቀምጠው በልተው አያውቁም፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መጥረግ ትርፍ ሥራ መስሎ ይታያቸዋል። ቆመው ሲበሉ ታዲያ ዓይናቸው በኩሽናው ላይ ተንከራተተ። የቁም ሣጥኑ በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ከምድጃው የሚሠራው አንዱ ዓይን ብቻ ነው፤ የሱም ሽቦ ጠቁሯል። ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ ግድግዳው ሻግቷል። የልጅቱን ንግግር ሐሰት ለማድረግ ብለው ሜትራቸውን አወጡና ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ልጅቱ ይቅርታ ልትጠይቅ በራቸውን አንኳኳች። አፏን ሳትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ለካሁት።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ግድግዳውን። ያ ካቢኔት ቢገባ በሩ አይከፈትም። የሰው ትከሻ ስለካ ክር ታህል ሳልስት ኖሬ፣ የገዛ ቤቴን ሳልለካ ጨርቅ ልቆርጥ ነበር! ግቢ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል።»

ገባችና ኩሽናውን አየች። ከዚያ የተቃጠለውን ሽቦ አየች። «ይህንን ምድጃ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት» አለች ደንገጥ ብላ። «ጋሼ፣ ኩሽና አያስፈልግዎትም አላልኩም እኮ። ያስፈልግዎታል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚታጠቁት? አስተምሪኝ» አሉ፣ ግማሽ በቁም ነገር፣ ግማሽ በፌዝ።

«መጀመሪያ ለመድኃኒትዎና ለቀለብዎ የሚበቃውን ለይተን እናስቀምጥ። እሱን ማንም አይነካውም። ኩሽናው የሚሠራው ከተረፈው ነው። ከተረፈውም ግማሹ ለግዢ ይሁን። ከሌላው ግማሽ አብዛኛው ለገጣሚው፣ ለቧንቧና ለመብራት ሠራተኛው፣ ለጭነቱ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃውን አይቶ የእጅ ዋጋውን ይረሳል። ካቢኔቱን ገዝተው ገጣሚ የሚከፍሉት አጥተው ሳሎናቸው ውስጥ በካርቶን ያስቀመጡ ስንት አሉ መሰለዎት! የቀረው ጥቂት ደግሞ ለመጠባበቂያ።»

«ለምኑ ነው የምንጠባበቀው?»

«ለማናውቀው ነገር።»

«ክፉ አትጥሪብኝ! ለክፉ ነገር ገንዘብ ካስቀመጡለት መንገዱን ያገኘዋል።»

«እርስዎ ኮት ሲሰፉ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፈው አይተዉም ነበር?»

«እተዋለሁ እንጂ! ሰውየው ቢወፍርስ?»

«ታዲያ እንዲወፍር እያሟረቱበት ነበር?»

ጋሽ ሜትሮ ሳቁ። ሳቁ ለራሳቸውም እንግዳ ሆኖባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ገንዘቡንም በአንዴ አይስጡ» አለች። «ከአንድ ገጣሚ በላይ ዋጋ እንጠይቃለን። ትንሽ ቀብድ፣ ሥራው ሲጋመስ ጥቂት፣ የመጨረሻው ደግሞ ውሃው ወርዶ፣ መብራቱ በርቶ ሲታይ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ የመንገድ።»

«የማን መንገድ?»

«የእርስዎ። ልጆችዎን ሄደው የሚያዩበት።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «አባት ነው ወደ ልጅ የሚሄደው? ያውም ሳይጠራ! ሰው ምን ይላል? እኔ አባቴ ዘንድ እሄድ ነበር እንጂ አባቴ እኔ ዘንድ መጥቶ አያውቅም።»

«የእርስዎ አባት ጎረቤትዎ ነበሩ ጋሼ። አሁን መንገዱ ረዘመ፤ ደንቡ ግን እንደ ድሮው ቀረ። እርስዎ እዚህ ሆነው ‹ቢወዱኝ ይመጡ ነበር› ይላሉ። እነሱ እዚያ ሆነው ‹ብንናፍቀው ይመጣ ነበር› ይላሉ። በመካከል ዕድሜ ያልቃል። ወንበር ገዝቶ ሰው ከመጠበቅ፣ ሰው ያለበት ወንበር ዘንድ መሄድ አይሻልም?»

ልብስ ሰፊው የሻገተውን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩና፣ «እሺ፣ ይግባ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ትንሽ አድርጊው፤ እሄዳለሁ አላልኩም።»

ክርክር ማለት እንዲህ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ አይረታም፤ በሩን ገርበብ ያደርግና ዘወር ይላል። ብልህ ከሆንክ አትገፋውም።

ሥራው ተጀመረ። አሮጌው ካቢኔት ሲነሳ ከግድግዳው ውስጥ የነበረው ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ተገኘ። ውሃው ስንት ጊዜ ወደ ውስጥ ሲሰርግ እንደኖረ እንጃ፣ ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ቧንቧ ሠራተኛው ፈራ ተባ እያለ፣ «አባባ፣ ይህ ከተነጋገርነው ውጪ ነው፤ ሙሉ መስመሩ መቀየር አለበት» አላቸው። የድሮው ጋሽ ሜትሮ ቢሆኑ ወይ ጩኸት ያነሳሉ፣ ወይ ሥራውን አስቁመው ለብድር ይወጣሉ። አሁን ግን ሥራውን ልታይ ወደመጣችው ልጅ ዞረው፣ «ሰውየው ወፈረ» አሉ። መጠባበቂያው ወጣ፤ ቧንቧው ተቀየረ፤ ሥራው አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።

ኩሽናው ሲያልቅ ትንሽ ነበር፤ ግን ልክ ነበር። በሩ ይከፈታል፣ መሳቢያው ሳይንገጫገጭ ይዘጋል፣ ቧንቧውም ዝም አለ። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ተገዛ። የመጀመሪያውን ሾርባ ልጅቱና እሳቸው አብረው በሉ።

«ተረታሁ» አሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «በጀት የድሃ ልጓም ይመስለኝ ነበር። ለካ እንቅልፍ ነው። ገንዘቤ የት እንደሚሄድ ሳውቅ ከሠራተኛ ጋር አልተጣላሁ፤ ከሰው አልተበደርኩ፤ መድኃኒቴን አልነካሁ። ያን የሚያብረቀርቀውን ገዝቼው ቢሆን ዛሬ በካርቶን ላይ ተቀምጬ ዳቦ እበላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ…» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ለአንድ ሰውም ቢሆን ጠረጴዛ ይጠረጋል። ይህንን በቁጥር አላሳየሽኝም፤ ግን የተማርኩት እሱን ነው።»

ልጅቱ ስትሄድ ቤቱ እንደ ወትሮው ጸጥ አለ። አሁን ቧንቧውም ስለማያንጠባጥብ ጸጥታው ከበፊቱ የባሰ ነበር። አዲስ ኩሽና ብቸኝነትን አያባርርም፤ ጥሩ አድርጎ ያበራዋል እንጂ። ጋሽ ሜትሮ በዚያ ብርሃን ውስጥ ባዶውን ወንበር ሲያዩ ቆዩና ስልካቸውን አነሱ።

«አባዬ? ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?» አለ ልጃቸው ደንግጦ።

«ምንም አልሆንኩም። ልመጣ ነው።»

ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ሽማግሌው ታገሡ፤ መዝጋት ቢያምራቸውም ስልኩን አልዘጉትም።

«ለምን?»

«ናፈቃችሁኛ።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚህ አባትና ልጅ መካከል ተነግሮ አያውቅም። ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ሳምንት ሥራ ይበዛብኛል… በሚቀጥለው ብትመጣስ? ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። አባዬ፣ እውነትህን ነው ግን?»

«የመንገዱን ገንዘብ አስቀምጫለሁ» አሉ።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ የተረፈውን ሾርባ አሞቁ፤ ጠረጴዛውን ጠረጉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና ቀስ ብለው በሉ።