ዑመር የተመለሰበት መንገድ

ከታሽኬንት የሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጂንካ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ጠዋት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ሜዳ ዳር አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሰው እንደ ጆንያ ጭኖ ቆሞ አየሁ። ጋቢናው ውስጥ ጎረቤታችን ሐጂ ሙዘይን፣ የጨው ነጋዴው፣ ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው ሐጂ?»

«ቀይ አፈር። የረውዳ ባል ሞተ፤ ትናንት ቀበሩት።»

ረውዳ አንድያ ልጃቸው ናት። እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኩና የጋቢናውን በር ይዤ ቆምኩ። ሰውየው በምን እንደሞተ አውቅ ነበር። ያን በጋ ቀይ አፈር ማጅራት ገትር ገብቶ ነበር። በሽታው በትንፋሽና በምራቅ ይተላለፋል። በእኛ አገር ለቅሶ ደግሞ ሰው በአንዲት ክፍል ይታጨቃል፤ መስኮት ይዘጋል፤ የፈላ የቡና ገለባ የተቀዳበት አንድ ቅል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ከቅሉ ያልቀመሰ ሐዘኑን አልተካፈለም ይባላል።

«ሐጂ፣ ይህ መኪና መሄድ የለበትም» አልኩ። «ሄዶ የሚመለሰው በሽታውን ጭኖ ነው።»

የእድሩ ሴቶች ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ከጭነቱ ላይ ሆነው ሰሙኝ። «ተምሮ መጣ ብለን ስንደሰት ለቅሶ መቅረትን ሊያስተምረን ነው? ሩሲያ ሰው አይሞትም እንዴ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ስማ ተገኝ» አሉኝ። «የሙስሊሞቹ የጦር መሪ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ስንት ጦር ሜዳ ዋለ! በገላው ላይ ሰይፍ ወይም ጦር ያልነካው አንድ ስንዝር አልነበረም። የሞተው ግን አልጋው ላይ ነው። ቀንህ ካልደረሰ ጦርም አይነካህ፤ ከደረሰ ጂንካ ብትቀመጥም አይቀርልህ። ኻሊድን ያህል ሰው አልጋ ላይ የገደለ ጌታ፣ እኔን ቀይ አፈር ላይ ፈልጎ ያጣኛል ብለህ ነው?»

እኔ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደግሁ የአሪ ልጅ ነኝ፤ ታሽኬንት ደግሞ ይህ ሁሉ ተረት ነው ብለው አስተማሩኝ። ሁለቱንም በግማሽ ልብ ነው የያዝኳቸው። ነገር ግን እዚያ በአንድ ክፍል አብሮኝ የኖረ አንድ ሶርያዊ የአገሩን ታሪክ አጫውቶኝ ነበር።

«ኻሊድ በዘመተበት በሻም፣ በሶርያ ምድር፣ ወረርሽኝ ሲገባ ኸሊፋው ዑመር ምን አደረገ?» አልኩ።

ሐጂ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሰይዲና ዑመርን አንተ ከየት አወቅኸው?»

«ወደ ሻም እየሄደ ሳለ ሰርግ በምትባል መንደር የጦር አለቆቹ አገኙት፤ በሽታ መግባቱን ነገሩት። እሱም እመለሳለሁ አለ። አቡ ዑበይዳ፣ ያ ትልቁ የጦር አዛዥ፣ ‹ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ?› አለው።»

«‹አዎ፤ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ› አለዋ» አሉ ሐጂ፣ ሳያስቡት። «‹ግመሎችህን ይዘህ አንድ ወገኑ ለምለም፣ አንድ ወገኑ ደረቅ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ፣ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ አይደለም?› አለው።» «በገዛ ኪታቤ ልትረታኝ ነው። ግን ዑመር ያዳነው ጦሩን ነው። እኔ ልጄ ናት ያለችው።»

«ዑመርስ እዚያ ወዳጁ አልነበረም? አቡ ዑበይዳን ከበሽታው ሊያወጣው ወደ እኔ ና ብሎ ላከበት፤ እሱ ወታደሮቼን ትቼ አልወጣም ብሎ እዚያው ሞተ። ከእሱ በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ አዛዥ ሲሆን ግን፣ ይህ በሽታ እንደ እሳት ይቀጣጠላል፣ በየተራራው ተበተኑ አለ። አንዱ ተነስቶ ‹አንተ ከዚህ አህያዬ የባስክ ነህ› ብሎ ሰደበው። ዐምር መልስ አልሰጠውም፤ ሕዝቡን ይዞ ወጣ፤ በሽታውም ተነሳ።»

ሐጂ ወደ ላይ ቀና አሉ። «አስካለ፣ አንቺም ይህንኑ ልትይው ነበር።»

«እኔ አህያ የለኝም» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ያመኑ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ግን ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «የቀበሌው አዳራሽ ዛሬ ከሰዓት ለስብሰባ ሰው ይታጨቅበታል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ያልመጣ ይቀጣል ተብሎ። ዑመርህ የሚመልሰው የእኔን መኪና ብቻ ነው? በካድሬው ፊት እንዲህ ከተናገርክ እወርዳለሁ።»

ስብሰባ ያወከ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

«ያስሩሃል» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይሰሩኝ። በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ሐጂ ሙዘይን ከጋቢናው ወረዱ። «ሁላችሁም ውረዱ!»

«ልጅዎን ብቻዋን ያስለቅሷታል?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እዚያ ሄጄ ሞትን ላመላልስላት? እዚህ ሜዳ ላይ እናለቅሳለን፤ ተራርቀን። ቅል ከየቤታችሁ አምጡ፤ ማንም ከሌላው አይጠጣ። የሚያማ ካለ እኔን ይማ።»

መኪናው የጤና ረዳቱን ሻንቆን፣ መድኃኒትና በቆሎ ብቻ ይዞ ሄደ። ሐጂ ለልጃቸው በሻንቆ አፍ መልእክት ላኩ፦ በርና መስኮትሽን ክፈቺ፤ ለቀስተኛውን ዛፍ ሥር አስቀምጪ፤ ከቀይ አፈርም አትውጪ፤ አባትሽ ያልመጣው ስላልወደደሽ አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ጀርባቸውን ሰጡን።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ መኪና ከወረዱት አንድም ሰው በበሽታው አልተያዘም፤ ረውዳም ተርፋ በክረምቱ ወደ አባቷ መጣች። ያዳናቸው መውረዳቸው ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ መማል አልወድም። ክፍት መስኮት፣ ለየራስ የሚያዝ ቅልና የተራራቀ መቀመጫ ግን ከማንም ሐዘን ቅንጣት አይቀንሱም፤ በሕይወት የሚቀረውን አልቃሽ ግን ያበዛሉ። ፍርሃት ነው የሚል ቢኖር፣ ጦር መርተው አገር የያዙት እነ ዑመርና ዐምር ይህን አድርገዋል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በአዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ካድሬው ወጥቶ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ግባ» አለኝ።

«አልገባም። ሌላውም መግባት የለበትም፤ ስብሰባው ደጅ ይሁን» አልኩ።

«በማን ትእዛዝ?»

ሳልመልስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ከመኪናው የወረዱት ሁሉ፣ ሐጂ ከፊት ሆነው፣ ከሜዳው መጥተው ነበር። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አንጥፈው ከሰው ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«እኛ ከዚሁ እንሰማለን ልጄ» አሉት ካድሬውን። «አንተ ብቻ ጮክ ብለህ ተናገር።»