ፀሐይ የሚገባበት ክፍል

ኀዘን እንግዳ ሆኖ ይገባና የቤቱ ጌታ ሆኖ ቁጭ ይላል። በፀጉር አስተካካዩ በአባ ወሬ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። አባ ወሬ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ምላጭ ጉሮሮ ላይ አሳርፈው ወሬ ሲጀምሩ ማን ደፍሮ ያቋርጣቸዋል? እኒህ ሰው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ታማ የተኛችበትን ክፍል ከነአልጋዋ ከነትራሷ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። በቤቱ ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል እርሱ ብቻ ነው። ሴት ልጃቸው ከነጨቅላዋ የምትተኛው ግድግዳው እርጥበት በሚይዘው የጓሮ ክፍል ሲሆን፣ ሕፃኗ ማሳል ከጀመረች ሰነበተች። አንድ ዕለት ጧትም «አባዬ፣ ስለ እናቴ ብለህ ክፈትልኝ» ብላ ብትለምናቸው፣ «እናትሽን ዳግመኛ ልትቀብሪያት ነው?» ብለው አስለቅሰዋት ወጡ።

ቀትር ላይ ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ጎረቤት ደጃፍ ተጠለሉ። ጎረቤቲቱ በቅርቡ ባሏ የሞተባት ወጣት መምህርት ናት። ከውስጥ የመቀስ ድምፅ ተሰማቸው። የመቀስ ነገር አያስችላቸውምና በተከፈተው በር አንገታቸውን አስገቡ። ያዩትን ማመን አቃታቸው። የባሏ የሠርግ ኮት! በሠርጉ ጧት ያንን ሙሽራ የላጩት እርሳቸው ናቸው። አሁን አንዱ እጅጌ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«በስመ አብ! ምን ነካሽ ልጄ? አበድሽ?»

«ይግቡ አባባ፣ ዝናብ ይመታዎታል። አላበድኩም። ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም እያሳጠርኩት ነው። ዳቦ ጋጋሪ አይደል፣ ሳይነጋ ነው የሚወጣው፤ ብርዱ ፈጀው።»

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይላል። ዝም ካለማ ታሟል ማለት ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። አሁን ግን ገብተው ወንበር ሳቡ።

«እንግዲያው አትወጂውም ነበር።»

መምህርቷ መቀሱን አስቀመጠች። «አባባ፣ ይህን እጅጌ መቁረጥ እንዴት እንደከበደኝ የማውቀው እኔ ነኝ። መቀሱን ስንቴ አንስቼ ስንቴ መለስኩት!»

«ታዲያ ምን አስቆረጠሽ?»

«ባለቤቴን መልሼ እንደማገኘው ስለማምን። እርስዎስ የሙታንን ትንሣኤ ያምኑ የለም?»

«ምን ማለትሽ ነው! አረመኔ አደረግሽኝ እንዴ? እሑድ እሑድ ጸሎተ ሃይማኖት ስደግም አትሰሚም? ከዲያቆኑ ድምፅ የኔ አይበልጥም?»

«ይበልጣል እንጂ። ታዲያ የእማማን ትራስ ቆልፈው የሚጠብቁት ከማን ነው?»

«ከመርሳት ነዋ! ሽታዋ አለበት። እርሱም ከጠፋ ምን ይቀረኛል? ሞቶ የተመለሰ እንደሁ አላየሁ!»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ዞር ብለው ወደ በሩ አዩ። ዕድሜ ልክ በአፍ ሲደገም የኖረ እምነት ልብ ድረስ እንዳልወረደ በድንገት ማወቅ ያስደነግጣል፤ ብዙዎቻችንም ሳናውቀው እንደዚያው እንኖራለን።

መምህርቷ ግን አልፈረደችባቸውም። «አንድ አለ እንጂ፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ። «እርሱም ሲነሣ መግነዙን መቃብሩ ውስጥ ትቶ ነው የወጣው። ወዳጆቹ ያገኙት ጨርቁን ብቻ ነው። ጨርቁን ታቅፈው እዚያው ቢቀሩ ኖሮ እርሱን መቼ ያገኙት ነበር?»

«እሺ፣ ይህን ያህል ካመንሽ ዓይንሽን ምን አሳበጠው?»

«መንገደኛ ስሸኝም አለቅሳለሁ እኮ። እንደምንገናኝ ማወቄ ናፍቆቱን አያጠፋልኝም። ብቻ ለናፍቆቴ ብዬ ያለውን ሰው ብርድ ላይ አላስቀምጥም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጅዎ ልጅ ስታስል በግድግዳው ይሰማኛል።»

አባ ወሬ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ዝናቡ ሳያባራ ተነሥተው ወጡ።

ቤታቸው ገብተው የተቆለፈውን ክፍል ሲከፍቱት የባሰ ድንጋጤ ጠበቃቸው። ትራሱን አንስተው ወደ ፊታቸው ቢያስጠጉት የሸተታቸው ሻጋታ ነው። ብርድ ልብሱን ብል በልቶታል። እንዲያ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር እንደተቆለፈበት አልቋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ልጃቸው ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እዚህ የለችም» አሏት። «እኔ እዚህ ያለች መስሎኝ!»

ከዚያ ተነሥተው መስኮቱን በሁለት እጃቸው ገፉት።

ክፍሉ ታጥቦ ኖራ ተቀባ፤ የሕፃኗም አልጋ ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታ ገባ። ሳሏ እየቀለለ ሄደ፤ አባትና ልጅም ታረቁ። የሚስታቸው ነገር ሲነሣ ይሸሹ የነበሩት ሰው አሁን ቀልዷን ሳይቀር እያነሡ ይስቃሉ። ትንሣኤን ተስፋ ማድረግ ጥቅሙ ለወዲያኛው ዓለም ብቻ አይደለም፤ የሞተውን ለማይረሳ አምላክ አደራ ሰጥቶ፣ በሕይወት ላለው እጅን ነፃ ያደርጋል።

አንድ ቀን ደንበኛቸው ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ሳለ፣ «ያንን ክፍል ለመክፈት እንዴት አስቻለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባ ወሬ ምላጩን ከጉንጩ ላይ አነሡ። «ከሚስቴ ጋር ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ትራሷ መሰለህ? ‹የልጄን ልጅ የት አስተኛሃት?› ነው የምትለኝ። ሴትዮዋን አታውቃትማ! መልስ ይዤ ልጠብቃት ብዬ ነው።»