ለትልቁ ጠመንጃ ሳይለንሰር ስንመርጥ

ግርማንና የሚስቱን ወንድም ሰለሞንን ሽማግሌ ሆኜ ላስታርቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ሰብስቤያቸው፣ ግርማ «እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ ኮል አደረገኝ። «ጋሼ፣ ለትልቁ የአደን ጠመንጃዬ ሳይለንሰር ልመርጥ ነው፤ አብረውኝ ይሂዱ» ሲለኝ ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ ሳይለንሰር የሚሉትን የተኩስ ድምፅ ማፈኛ የማውቀው በፊልም ነው፤ ያውም ሰው ሲገደል! ብቻውን ከሚሄድ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እኔ በሆዴ እጸልያለሁ፣ እሱ ሬዲዮ ከፍቶ ይዘፍናል። አሌክሳንድሪያ አካባቢ መሣሪያ መሸጫ ገባን።

ሻጩ ከስንዝር የሚረዝሙ ጥቁር ቱቦዎች ደረደረ። ግርማ አንዱን አንስቶ፣ «ሰው አጠገብ ሲተኮስስ የትኛው ይሻላል?» ሲለው ወደ ሻጩ ዞርኩ። ሻጩ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ ለትልቅ ካሊበር ጥይት ረጅሙን እንዲወስድ ይመክረዋል! የግርማን እጅ ለቀም አደረግኩት። «ልጄ፣ በእናትህ ተው! ሰለሞን የልጆችህ አጎት ነው!»

«ለእሱ ብዬ እኮ ነው ጋሼ» አለኝ ግራ ገብቶት። «አምና አደን ላይ ጆሮው ሥር ስለተኮስኩ አይደል የተጣላነው? ይኸው እስካሁን ይጮህበታል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው፣ ጠመንጃህ ላይ ማፈኛ ካስገጠምክ አብሬህ አድናለሁ አለኝ።»

ተመስገን ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሻጩ ግን፣ ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም አለን። «ታዲያ ሰለሞን አጠገብህ ለመቆም አይፈራም?» አልኩት።

«ኧረ ይፈራል» አለ ግርማ። «መሃላችን ሽማግሌው ይቁሙልን ብሏል።»