ታናሽ ይጀምር፣ ታላቅ ይጨርስ

ኮሪያ ውስጥ፣ እማማ ቡንርዬ ከዳምያንግ ገበያ ሲመለሱ፣ አውቶብስ ውስጥ የልጅ ልጃቸውን ሶዳምን አገኟት። ከምትማርበት ከጓንጁ ከተማ ትመጣለች ብለው የጠበቁት ለጨረቃ በዓል ነበር።

«ምነው፣ ከትምህርት ቤት አባረሩሽ?»

«ኧረ አያቴ! ደንበኞችዎ ሸሹ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

እውነቷን ነው። እማማ ከአኩሪ አተርና ከጨው ውኃ በጋን የሚጥሉት ማባያ አገር ያወቀው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ገዢው እየቀመሰ ይመልሰዋል። እንዲህ ከቀጠለ ጓሮ ሙሉ ጋን ተሽጦ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

«ዝናቡ ነው ያበላሸው» አሉ እማማ።

«ሠራተኞቹን ጠየቋቸው?»

«ምን ብዬ? እኔ እቀምሳለሁ፣ እነሱ ይሸከማሉ። የንግድ ሥራ አመራር ተማሪ ብዬ የላክሁሽ ይኼን ልትጠይቂኝ ነው?»

«አስተማሪያችን አለቃም ሠራተኛም በስሙ ይጠራ፣ እኩል ይናገር ይላል።»

«ያቺ አምና የተቀጠረችው ልጅ ኦክቡን ‹ቡንርዬ› ልትለኝ? ምላሷን ነው የምቆርጠው!»

ሶዳም ሳቀች። «እኔም ተከራክሬዋለሁ። በእኛ ዘንድ ታላቅ በስሙ አይጠራም፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላም ማንም አይናገርም አልኩት። ስሙ ይቅር፤ ተራውን ብቻ ይቀይሩ። ታናሽ ይጀምር፣ እርስዎ ይጨርሱ።»

«እኔ መጨረሻ ልቀር?»

«የመጨረሻው ቃል የማን ነው፣ አያቴ? የባለቤቱ አይደል?»

እማማ በገኑ። «ነገ ታያለሽ፤ አንዷም ትንፍሽ አትልም!»

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሁሉ ጓሮ ተሰበሰቡ። ኦክቡን እጆቿን አጣምራ አቀረቀረች።

«ተናገሪ እንጂ! አፍሽን በጋን ክዳን ከደኑት?»

«እማማ… ጨዉ በዝቷል። ካምና ጀምሮ። እርስዎ ቀምሰው ልክ ነው ካሉ በኋላ ማን ይደፍራል?»

ሌሎቹ እግር እግራቸውን አዩ። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አክብሮት መስሏቸው ዝም ብለው፣ የሚያከብሯቸውን ሴት ቤት ሊያዘጉባቸው ነበር!

«እንቁላል አምጡ!» ጮኹ እማማ፤ የጨው ውኃን በእንቁላል መለካት የሰነፍ ነው ብለው ከተዉት ቆይተዋል። ጨዉ ልክ ቢሆን አናቱን ብቻ ብቅ ማድረግ የነበረበት እንቁላል፣ ለአዲሱ ጋን በተበጠበጠው የጨው ውኃ ላይ እንደ ጀልባ ተጋድሞ ተንሳፈፈ።

እማማ ትክ ብለው አዩት።

«ምላሴ አርጅቷል። እኔ ግን አላረጀሁም! ውኃ ጨምሩበት። ከዛሬ ጀምሮ ታናሽ ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ። በስሜ የሚጠራኝ ግን ወዮለት!»

የዚያ ዓመት ማባያ ከጋን ሳይወጣ ተሸጦ አለቀ። ጋኑም፣ የሠራተኞቹም እንጀራ ተረፈ፤ የእማማም ክብር እንዳለ ነው። ሶዳም ለጨረቃ በዓል መጥታ ወደ ጓንጁ ስትመለስ እማማ አውቶብሱ ድረስ ሸኟትና በመስኮቱ ጮኹባት፦

«ለአስተማሪሽ ንገሪው! ግማሹን እኔ ከሱ ተምሬያለሁ፤ ግማሹን እሱ ከእኔ ይማር!»