ድንጋይ የተጫነበት ጠረጴዛ

ዓርብ ዕለት በክፓንዶ ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ ክፍል መምህሩ በጋሽ አግቤኮ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ይህ ነው፤ አሥራ አንድ የደብተርና የወረቀት ክምር፣ በእያንዳንዱ ክምር ላይ አንድ ድንጋይ፣ እጀታው የተሰበረ ደወል፣ ከተማሪ የተቀማ ኳስ፣ የእርሳስ መቅረጫ ምላጭ፣ የጠመኔ ስብርባሪ፣ ግማሹ የተበላ ጥብስ በቆሎ። መሳቢያዎቹ ባዶ ነበሩ። የጠረጴዛው እንጨት በየትም በኩል አይታይም።

ሰኞ ጠዋት፣ በጎረቤት ክፍል የምታስተምረው ሲጾፌ ጋሽ አግቤኮን በግቢው በር ላይ አገኘቻቸው። የአክስታቸውን ባል ቀብረው መመለሳቸው ነው።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ።»

«አሜን። ስሚ እስቲ፣ ጠረጴዛዬን የነካ ሰው አለ አሉ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ዓርብ እርስዎ ቀብር ሄደው ሳሉ ተማሪዎ ካፉይ አስሟ ተነሥቶባት ነው። መድኃኒቷን ፍለጋ ድንጋዩን ሳነሣ ነፋሱ ወረቀቱን በተነው። ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ ጋሼ! የልጅቷ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። በኋላ ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት።»

ጋሽ አግቤኮ ደነገጡ። «አሁንስ?»

«ደህና ናት። እናቷ ግን ከትምህርት ቤቱ ላስወጣት ብላ ክፍልዎ ውስጥ ቆማለች።»

የተማሪ መድኃኒት መምህሩ ዘንድ እንዲቀመጥ የትምህርት ቤቱ ደንብ ያዛል። የት እንደሚቀመጥ ግን ደንቡ አይናገርም።

«ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው?» አሉ ጋሽ አግቤኮ እየተራመዱ። «ቦታውን የማያውቅ ሰው ገብቶ ሲያተራምስ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።»

ሲጾፌ ይህችን «ዓይኔን ጨፍኜ» ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምታታለች። ዛሬ ግን ትዕግሥቷ አልቋል።

ክፍሉ ሲደርሱ፣ ዓሣ በጭስ እያደረቀች የምትሸጠው ኤኞናም፣ የካፉይ እናት፣ ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች።

«ጋሼ፣ አሁንም ቀብር ላይ ነዎት እንበል» አለች ሲጾፌ። «ምንም አይናገሩ። ኤኞናም፣ የልጅሽን መድኃኒት ከዚህ አውጪ።»

«ታውጣ! ምን አስቸጋሪ ነገር አለው?»

ኤኞናም የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣች። መስተዋት በሌለው መስኮት ሃርማታን የሚባለው ደረቅ የበጋ ነፋስ ከነአቧራው ገባና ወረቀቱን በተነው። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውንም አነሣች።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በይ እንጂ!»

«ቀብር ላይ ያለ ሰው አይጮህም ጋሼ።»

ኤኞናም ድንጋዩን ይዛ ቆመች። «መምህር፣ ልጄ እኮ እየታፈነች ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ስፈነቅል እሷ ትጠብቀኛለች?»

ጋሽ አግቤኮ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አሉ። እጃቸውን ሰደው ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር መድኃኒቱን አወጡ። በእርግጥም ወዲያው ነው ያገኙት፤ ግን አልኮሩበትም።

«መሳቢያውን የተውኩት በስንፍና መሰላችሁ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአንድ ክፍል ሙሉ የፈተና ወረቀት ምስጥ በልቶብኛል። ስከፍተው አፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ የማያየው ቦታ ምንም አላስቀምጥም።»

«ይሄን ለምን አልነገሩኝም? ሁለት ዓመት መሳቢያ መሳቢያ ስል!»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስታዝዢኝ ነው የኖርሽው።»

እውነት ነበር፤ ሲጾፌም እውነቱን ዋጠችው።

«እሺ፣ መሳቢያው ይቅር። ቆርቆሮን ግን ምስጥ አይበላም። መድኃኒቱን የወተት ጣሳ ውስጥ አድርገን፣ ስሟን ጽፈን፣ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ እንስቀለው። ደብተሩን በየትምህርቱ በገመድ እንሰር፤ ነፋስ አይበትነውም። ኳሱ ለባለቤቱ ይመለስ። ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ቦታ ለእርስዎ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዕቃ መቀመጥ ያለበት ግን ለሚፈልገው ሰው ነው፤ ፈላጊው ደግሞ ሁልጊዜ እርስዎ አይደሉም።»

«ድንጋዮቼስ?»

«አንዱን ያስቀሩ። የዕለቱን ወረቀት ይያዝልዎ።»

«በቆሎዬንስ?»

«እሱን ዶሮዎቹ ይጨርሱት!»

ኤኞናም ሳትወድ ሳቀች። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ እዚሁ ትቆይና ልየው» አለች።

ምስማሩን የመቱት ራሳቸው ጋሽ አግቤኮ ናቸው። ጣሳውን ልጆች እንዳይጫወቱበት ከፍ፣ አጭር ሰው እንዳያጣው ዝቅ እያደረጉ ምስማሩን ሦስት ጊዜ ነቅለው መቱት። ከዚያ ወዲህ ደብተር ፍለጋ ይባክን የነበረው ጊዜ ለንባብ ዋለ፤ ጋሽ አግቤኮ ሲታመሙም ተተኪው መምህር የዕለቱን ትምህርት ማንንም ሳይጠይቅ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ክንድ አስደግፎ መጻፍ ተቻለ።

ከፋሲካ በፊት ካፉይ አንድ ጊዜ ታመመች። ጋሽ አግቤኮ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነበሩ። ሲጾፌ ከጎረቤት ክፍል ሮጣ በሩን ካለፈች በኋላ መድኃኒቱ የልጅቷ አፍ እስኪደርስ የፈጀው ሃያ ሰከንድ ነበር።