ጠበቃን ላለማስቸገር

ያን የጸደይ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ባይጥል ኖሮ በእግሬ እሄድ ነበር፣ ይህንንም ነገር አልሰማም ነበር። ሄዘርክላፍ በምትባለው የእንግሊዝ ዮርክሸር ከተማችን ዝናብ አንዴ ከጀመረ መቆሚያ የለውም። እየተራገምኩ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ዘው ስል ክሊፎርድ ሃርግሪቭስና የልጅ ልጁ ሮዌና ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክሊፎርድ ከመንገድ ማዶ ጎረቤቴ ነው፤ ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክነት የጨረሰ፣ ሰው ማስቸገርን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሽማግሌ። ሮዌና ደግሞ ሊድስ ከተማ ሕግ የምትማር፣ ነገር የማታሳልፍ ልጅ ናት።

"ወዴት ነው?" አልኩ።

"ወደ ሙሪየል ነዋ! ሌላ የት እሄዳለሁ?" አለ ክሊፎርድ።

ሙሪየል ሚስቱ ናት። የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት ስለሄደ በባሕሩ ዳርቻ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ከርማለች። ክሊፎርድ አውቶቡስ እየቀያየረ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ያያታል። ስለዚህ እዚህ ያለውን ቤቱን ሸጦ መጦሪያው ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ቤት ሊገዛ አስቧል፤ መልኩን ሳትረሳ በየቀኑ አጠገቧ ሊቀመጥ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ቤቱስ? ተሸጠ?"

ሮዌና ናት የመለሰችልኝ፦ "ገዢዎቹ ትናንት ጥለው ሄዱ።"

"አትጀምሪ እንግዲህ፣ እናቴ።"

"እጀምራለሁ፣ አባባ! እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል? የሽያጩን ውል የሚጨርስልዎትን ጠበቃ ራስዎ ይምረጡ ብዬ ስንት ለመንኩዎት?"

"ደላላው ነው የሰጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ..."

"ሻይዎንማ ጠጣ! እንዲህ ያለ ደላላ እኮ ብዙ ጊዜ ሥራ ከላከላቸው ጠበቆች ሁሉ ድርሻውን ይቀበላል። ለመሆኑ ጠበቃውን አይተውታል?"

"በስልክ አውርተናል። አንዴ ሴት ናት፣ አንዴ ወንድ ነው። ሁሉም ትሑቶች ናቸው።"

"አዩ? የእርስዎን ጉዳይ እጄ ላይ ነው የሚል ሰው የለም። እርስዎስ ደውለው ጠይቀዋል?"

"ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። ሲደርሳቸው ይደውላሉ። እኔ ሰው የምነዘንዝ ሽማግሌ አይደለሁም።"

ይኸው የአገሬ ሰው በሽታ! ምግብ ቤት ገብቶ የቀዘቀዘ ሾርባ ቢያቀርቡለት "በጣም ይጣፍጣል" ብሎ አመስግኖ የሚወጣ ሕዝብ ነን። ሾርባውስ ይሁን። ሰው ቤቱን የሚያህል ነገር ሲሸጥ አፍሮ ዝም ይላል? ንዴቴ መጣብኝ፣ ግን ልጅቱ ቀደመችኝ።

"ገዢዎቹ በጠበቃ በኩል ከጎረቤት ጋር ጠብ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁዎትስ ምን አሉ?"

"የለም አልኩ።"

"ከዴዝመንድ ጋር በአጥሩ ዛፍ ተጣልታችሁ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ የለም እንዴ?"

"ታዲያ የጎረቤቴን ስም ለማላውቀው ሰው ላጥፋ? ነውር አይደለም?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አንተ አስተማሪ ነበርክ፣ ፍረድ።"

"ዴዝመንድ ራሱ ነው ለገዢዎቹ የነገራቸው" አለችኝ ሮዌና። "ጓሮውን ሊያዩ ሲመጡ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። ይህን የደበቀ ሌላ ምን ደብቋል ብለው ሄዱ። ደህና ጠበቃ ቢሆን እኮ ፊት ለፊት አስቀምጦ ያወጣጣዎት ነበር፤ እውነቱንም በወግ በወጉ ያቀርበው ነበር።"

"ከገዢው ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጠናል እኮ!" አለ ክሊፎርድ። "ሰውየው ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር።"

"ቢያይህስ?" አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ። "በእኛ አገር ሕግ ጠበቆቹ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ መጨባበጥ ባዶ ነው። ማንም ውልቅ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ጠበቃ የሚያስፈልግህ ያቺን ጊዜ እንዲያሳጥርልህ ነው እንጂ በትሕትና እንዲያስረዝምብህ አይደለም።"

ክሊፎርድ መሬት መሬቱን አየ። ሮዌና እጁን ያዘችው።

"አባባ፣ እማማ ባለፈው ሳምንት እኔን ማን እንደሆንኩ አላወቁም። እርስዎን ግን ያውቁዎታል። እስከ መቼ ይመስልዎታል?"

ይህን ስትል ልቤ ተሰበረ። ክሊፎርድ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። "ምን ላድርግ ታዲያ?" አለ።

"ሌላ ጠበቃ ዘንድ ራስዎ ሄደው ያናግሩ። ፋይሌን የሚይዘው ማን ነው? እሱ ዕረፍት ሲወጣ ማን ይተካል? ክፍያው ምን ምኑን ይጨምራል? ብለው ይጠይቁ። ከዚያ የሚያሳፍረውንም ሳይቀር ይንገሩ። ሲጠይቁዎት በዕለቱ ይመልሱ። ዝም ካሉዎት ደግሞ ይደውሉ።"

"ቢሰለቹኝስ?"

"ይሰልቹ! የሚከፈላቸው ለዚያ አይደል?"

ክሊፎርድ ሰኞውን ገበያው ጀርባ ቢሮ ወዳላት ጠበቃ ወደ ወይዘሮ ፔል ሄደ። ሴትዮዋ ገና ከመቀመጡ ስለ ጎረቤት ጠየቀችው፤ እሱም ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ስለ አጥሩ ተናዘዘ። ቀጣዮቹ ገዢዎች ነገሩ አስቀድሞ በግልጽ ስለተነገራቸው ከዴዝመንድ ጋር ተነጋግረው ዛፉን አስከረከሙና ጉዳዩ አበቃ። ክሊፎርድም ስልክ መደወል ለመደ። ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ ቤት ግን ሌላ ሰው ወስዷት ነበርና፣ በዚያው መንገድ ሌላ እስኪገኝ በጋው አለፈ።

ዕቃውን አዲሱ ቤት ያስገባ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ሳጥኑን እንኳ ሳይፈታ መንገዱን ተሻግረን ሙሪየል ዘንድ ገባን። መስኮት ዳር ተቀምጣለች።

"ሙሪየል፣ መጣሁ። ከእንግዲህ ቤቴ ማዶ ነው፤ በየቀኑ እመጣለሁ።"

ቀና ብላ በጨዋ ደንብ ፈገግ አለች። "ደስ ይላል። አዲስ ጎረቤት ነዎት?"

ክሊፎርድ ኮፍያውን አወለቀ። "አዎ፣ እመቤቴ። ክሊፎርድ እባላለሁ።"

አጠገቧ ተቀምጦ ስለ አየሩ አወራት። ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ጨብጦ አቆመኝ።

"ቤት የሚሸጥ ሰው ካጋጠመህ ንገረው። ጠበቃህን ራስህ ምረጥ በለው። ለጠበቃህ ሁሉን ንገር፣ ደውል፣ አስቸግር በለው። እኔ አፍሬ ዝም ባልኩበት ጸደይ ይህቺ ሴት ስሜን እየጠራች 'መቼ ነው የምትመጣው?' ትለኝ ነበር።"