በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ

ሽማግሌው ግንበኛ ከመድኃኒት ቤት እየተነጫነጨ ሲወጣ የጎረቤቱን ልጅ በር ላይ አገኛት። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቱንቢ» ይለዋል። ሙያውን አይተው ብቻ አይደለም፤ የግንብን ቀጥ ማለት እንደሚለካበት ቱንቢ፣ አንዴ ከያዘው ሐሳብ ወዲህም ወዲያም የማይል ሰው ስለሆነ ነው። ልጅቱ በሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ጥጥ ልትገዛ ጎራ ማለቷ ነበር።

«ደግ አገኘሁሽ» አላት። «ነይ እስቲ ፍረጂኝ። ይኼን የመሰለ መድኃኒት ስጠኝ ብለው ከሐኪም ወረቀት አምጣ ይለኛል። ወረቀቱን ነው እንዴ የምንውጠው?»

መዳፉን ዘረጋላት። ባዶ የካፕሱል ቅርፊት ይዟል፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ግራጫ።

«ማን ታሞ ነው ጋሼ?»

«ማንም አልታመመ። እታለም ጎኗን ወጋ ወጋ አደረጋት እንጂ። ሽንቷም ያቃጥላታል፤ ሲመሻሽ ደግሞ ያተኩሳታል። ለሱ ነው።»

እታለም የሚላት ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም ሚስት ሳያገባ፣ እሷም ባል ሳታገባ አንድ ቤት ውስጥ አረጁ። ልጅቱ ራሷ ተማሪ ሳለች የለበሰችው ዩኒፎርም ሁሉ በእታለም መኪና የተሰፋ ነው። ስለዚህ ጥጡን ትታ ከግንበኛው ጋር ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

«ይኼንን መድኃኒት ከየት አገኙት?»

«ከቆርቆሮዬ ነዋ።»

ቆርቆሮዋን የማያውቃት የለም። የብስኩት ቆርቆሮ ነበረች። ሰው ይታመማል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ሻል ሲለው መዋጡን ይተውና የተረፈውን ለግንበኛው ያመጣል። ግንበኛው ያስቀምጣል፤ ሌላው ሲታመም ከዚያው ያካፍላል። የሚለያቸው በቀለማቸው ነበር፦ ቢጫው ለሳል፣ ነጩ ለሆድ፣ ቀይና ግራጫው ለቁስል። አንዳንዴም ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል። ከምስጋና በቀር ምንም ተቀብሎ አያውቅም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ደግ ሥራ የመሰለን ስህተት ደፍሮ የሚነቅፍ አይገኝም።

«አምና ድንጋይ እግሬ ላይ ወድቆ መግል ሲይዝ ያዳነኝ ይኼው ነው» አለ። «አንቺም አይተሻል።»

«አይቻለሁ ጋሼ። የእግርዎ ጀርም ግን ሌላ ነው። የእትዬ ከዚያ የተለየ ሳይሆን አይቀርም።»

«ጀርም ጀርም ነው። ሌባ በበር ገባ በመስኮት፣ ዱላው አንድ ነው።»

«ዱላው ካልደረሰበትስ? ባክቴሪያ እኮ ግድግዳ አለው። ግድግዳቸው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።»

ግንበኛው መንገዱ መሐል ቆሞ ሳቀ።

«ግድግዳ! በዓይን የማይታይ ነገር ግድግዳ አለው? ዕድሜዬን ሙሉ ስገነባ አንድም ባክቴሪያ አሸዋ አበድረኝ ብሎኝ አያውቅም።»

ልጅቱም ሳቋ መጣ። ቶሎ ግን ዋጠችው።

«ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ነገ ጠዋት ሽንቷን በንጹሕ ዕቃ ያምጡልኝ። መርምሬ ምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።»

«የእህቴን ሽንት? እኔ? በመንገድ ላይ? ሰው ምን ይዘሃል ቢለኝ ማር ነው ልበል?»

«ካፈሩ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።»

«እሷም አትሰጥሽም። ልጄ፣ ትምህርትሽን አከብራለሁ። ግን እናንተ ነገር ታበዛላችሁ። ድሮም ሰው ይታመም ነበር፤ ይድንም ነበር።»

«ይሞትም ነበር ጋሼ።»

«አሁንስ አይሞትም?»

መልስ አላጣችም። ነገር ግን ከበሩ ደርሰዋል፤ የግንበኛውም ፊት ተኮሳትሯል። «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይማርልን» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱም ተሟግቶ እንደረታ ሰው ቀና ብሎ ገባ። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። የዚያን ቀን ግን እሷ ጥቂት ብትደፍር፣ እሱም ጥቂት ቢያጎነብስ በተሻለ ነበር።

እታለም ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተጋድማ ነበር። መኪናው ላይ አንድ እጅጌው ያልተሰፋ ሸሚዝ መርፌው እንደተሰካበት ቀርቷል።

«አገኘህ?» አለችው።

«ከለከለኝ። ግን ቆርቆሮዋ ውስጥ ትንሽ አለ።»

«አንተ ቱንቢ፣ የስንቱን ሰው ትራፊ ልታስውጠኝ ነው?»

«ቀልዱን ተዪና ዋጪ።»

ዋጠች። ልጅ ሳለ እሷ ያቀረበችለትን ሁሉ ሳይጠይቅ ይውጥ ነበር። አሁን ተራው የሷ ሆነና ሳትጠይቅ ዋጠች።

በማግስቱ ትኩሳቱ በረድ አለ። ግንበኛው «አላልኩሽም?» አለ። ትኩሳት ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። ተመልሶ ሲመጣ አልጋው እስኪንቋቋ ድረስ አንቀጠቀጣት። የበላችውን መለሰች። ግንበኛው ሲሚንቶ አንሶበት እንደሚጨምር ሰው መድኃኒቱን እጥፍ አደረገው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ይዞላት ሲገባ ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ግን አላወቀችውም።

«አባባ» አለችው፤ «ልጁ ምሳውን በላ?»

ልጁ እሱ ነበር። አባታቸው ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል። ግንበኛው ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ባርኔጣውንም ሳያደርግ ሮጦ የልጅቱን በር ደበደበ።

ሆስፒታል ሲያደርሷት ሐኪሞቹ ደሟንና ሽንቷን ወሰዱ። ክንዷ ላይ መርፌ ሰክተው ሌላ መድኃኒት ጀመሩላት። ግንበኛው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ገብቶት ልስኑ አብጧል። በሌላ ቀን ቢሆን የሠራውን ሰው ይሰድበው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሲያየው ብቻ ዋለ።

በኋላ ልጅቱ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ይምጡ። ኃላፊዬ ፈቅደውልኛል፤ በዓይንዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።»

ከማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጠችው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው አየ። ሐምራዊ ክብ ክብ ነገሮች እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ነበር።

«ይኼ ለተማሪዎች ማሳያ ያስቀመጥነው ነው» አለች። «ከመግል የተወሰደ፣ የእግርዎ ቁስል ዓይነት። አሁን ደግሞ የእትዬን ይዩ።»

ናሙናው የተቀባበትን ስስ መስተዋት ለወጠችለት። አሁን የሚታየው ቀይ ነበር፤ አጫጭር ዘንግ የመሰሉ ነገሮች ተበታትነዋል።

«ቀለማቸው እንዲህ ነው?»

«የቀባናቸው እኛ ነን። ሁለቱንም በመጀመሪያ ሐምራዊ ቀለም ቀባናቸው፤ ቀለሙን በአዮዲን አጠበቅነው፤ ከዚያ በአልኮል አጠብናቸው። የእግርዎ ዓይነት ግድግዳው ወፍራም ነውና ቀለሙን ይዞ ቀረ። የእትዬ ለቀቀው። ቀይ ስንደግምበት ቀላ።»

«ግድግዳው ከምንድን ነው የተሠራ?»

ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ያን ቀን በመንገድ ላይ የነበረው አልነበረም።

«የስኳር ወገን ከሆኑ ሁለት ነገሮች። እየተፈራረቁ ይቀጣጠሉና ረጅም ክር ይሆናሉ። ክሩን ከክሩ ደግሞ አጭር የፕሮቲን ማሰሪያ ያያይዘዋል።»

«ፌሮ» አለ ግንበኛው በቀስታ። «ፌሮና ማሰሪያ ሽቦ።»

«ልክ ነዎት። የእግርዎ ጀርም ይኼን መረብ ደራርቦ ደራርቦ ይሠራዋል። ከውጭ ግን ሌላ የሸፈነው ነገር የለም። የካፕሱሉ መድኃኒት ደግሞ የአሳሪውን እጅ የሚይዝ ነው። ጀርሙ ሲያድግ ግድግዳውን ማስፋት አለበት፤ የሚያስርለት ሲያጣ የውስጡ ግፊት ያፈነዳዋል።»

«ወፍራሙን ከጣለ ስሱን እንዴት ያቅተዋል?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር። ሰው ለመርታት መጠየቁን ትቶ ለማወቅ ሲጠይቅ እንዲህ ነው።

«ስሱ ከግድግዳው ውጭ ሌላ ሽፋን ስላለው ነው። ሽፋኑ የስብ ነው። የላይኛው ገጹ ሥሩ ስብ፣ ጫፉ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ተጠጋግቶ እንደ ፀጉር ይቆማል። መሐል መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ምግቡን የሚያስገባው በነሱ ነው። የቆርቆሮዎ መድኃኒት በዚያ ቀዳዳ አይሾልክም። ቢሾልክም ለቁም ነገር የሚበቃ አይደለም።»

ግንበኛው ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም።

«በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ» አለ። «የውሃ ቀለም ብትደርቢበት አይዝም። ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ይኼን ለስንት ረዳት አስተምሬያለሁ መሰለሽ። መጀመሪያ በእጅህ ዳብስ፣ በምን እንደተቀባ እወቅ፣ ከዚያ ባልዲህን አንሳ እላቸው ነበር።»

ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አነሣ።

«እኔው ሳልዳብስ ቀባኋት።»

ቀጥሎም ጠየቀ። «እንዲያ የሚያንቀጠቅጣትስ ምንድን ነው?»

«ያ ሥሩ ስብ ያልኩዎት ነው። ጀርሙ ሲፈርስ ይበተናል። ሰውነታችን ገና ሲያየው ይደነግጣል፤ እሳት ይነድበታል። ትኩሳቱም፣ ብርዱም፣ የደም ግፊቷ መውረድም ከሱ ነው።»

«ያን ስብ አልፎ የሚገባ መድኃኒት አለ?»

«አለ። ሐኪሞቹ ጀምረውላታል። እኛም ከሽንቷ ወስደን ለጀርም በሚስማማ ምግብ ላይ ዘርተናል። ሲበቅል የተለያየ መድኃኒት እናቀርብለታለን፤ የትኛው እንደሚያቆመው እናያለን። ደግሞ ጋሼ፣ ግማሹን ውጦ ግማሹን ማስቀመጡም መዘዝ አለው። ከመድኃኒቱ ያመለጡት ጀርሞች ይባዛሉ። ከነሱ ውስጥ ቀዳዳውን ያጠበበ፣ መድኃኒቱንም መቆራረጥ የሚችል ይኖራል። ወደ ጎረቤት የሚሄደውም ያ ነው።»

«እኔ ለጎረቤት ያካፈልኩት መድኃኒት መስሎኝ» አለ ግንበኛው። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ። «ያን ቀን ብሰማሽ ኖሮስ? እንዳትዋሺኝ።»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች።

«ገና ሲጀምር እንይዘው ነበር። ኩላሊቷ ሳይጎዳ። ምናልባት። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሽማግሌ አላስቀይምም ብዬ ዝም አልኩ።»

«የለብሽም። አንቺ ነግረሽኛል። የሳቅሁት እኔ ነኝ።»

እታለም ከሞት ተረፈች። ለጀርሟ የሚሆነው መድኃኒት ታወቀ፤ እስከ መጨረሻው ወሰደችው፤ አእምሮዋም ተመለሰ። ኩላሊቶቿ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። ሐኪሙ «ከኩላሊትሽ የቀረውን እንጠብቅ» ብሎ አሰናበታት። እግሯ ያብጣል፣ ቶሎ ይደክማታል። መኪናውን መርገጥ ተወች። ያ አንድ እጅጌ የጎደለው ሸሚዝም ለሌላ ሰፊ ተሰጠ።

ግንበኛው በቆርቆሮዋ ያለውን ሁሉ ለመድኃኒት ቤቱ ሰው ወስዶ አስረከበ። ሰውየው ተቀበለው፤ ያን ጊዜ ወረቀት አልጠየቀውም።

ሰፈሩ በመጀመሪያ አኮረፈ። «ጋሽ ቱንቢ ሰሰተ» አሉ። እሱ ግን የሚመጣውን ሁሉ አስቀምጦ ስለ ግድግዳው ይነግረዋል፤ ስለ ፌሮው፣ ስለ ዘይቱ ቀለም፣ ስለ ጠባቡ ቀዳዳ። ቀስ በቀስ ሰሙት። የአናጢው ሚስት ሽንቷ ሲያቃጥላት ሳትውል ሳታድር ተመረመረች፤ የሚሆናትን ውጣ ጨረሰች፤ ሕመሙ ወደ ኩላሊቷ ሳይወጣ ዳነች። ለቆርቆሮ የሚተርፍም አልኖራትም። ተመርምሮ የሚውጥ ሰው ጤናውን ያድናል፤ የታዘዘለትን የሚጨርስ ደግሞ መድኃኒቱ ነገ ለልጆቹም እንዲሠራ ያደርጋል። ይኼ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ለእታለም ግን ዘገየ።

አንድ ቀን ጫማ ሰሪው ጎረቤታቸው ወገቡን ይዞ መጣ።

«ጋሽ ቱንቢ፣ ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ። ለኔ እንኳ ከዚያች ቆርቆሮ አንዲት ፍሬ አታጣም።»

ግንበኛው ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያ አወረደ። ስትንሿሿ ሲሰማ የጫማ ሰሪው ፊት በራ። ክዳኑ ሲከፈት ግን ውስጧ የሞላው የልብስ ቁልፍ ነበር፤ ነጭ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ።

«እታለም መስፋት ተወች» አለ ግንበኛው። «ማስቀመጫ አጥቼላቸው ነው።»

ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ባርኔጣውን አነሣ።

«ተነሥ፣ እስከ ሆስፒታሉ እሸኝሃለሁ። ሽንትህን ግን ራስህ ትይዛለህ።»

እታለም ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አደከማት።

«ቱንቢዬ» አለች፤ «ጎንበስ አልክ እኮ።»

«ዘግይቼ» አለ፤ እንዳይረብሻትም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።